የጥንት ቤዝቦል ፒቸርን መዝገብ እንዴት እናንብብ፣ እንዴትስ እንጻፈው? (የራድቦርን 1884 እንደ ማሳያ)

ቻርልስ ራድቦርን በ1884 ለፕሮቪደንስ ግሬይስ ተሰልፎ 59 ጨዋታ አሸነፈ ይላል አንዱ መዝገብ። ሌላው 60 ይላል። ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ጋዜጣ ተነስተው የደመሩ ናቸው፤ ልዩነቱ የመጣው በአንድ ቀን ጨዋታ ላይ የትኛውን ሕግ እንደተጠቀሙ ነው። ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን ፒቸሮች ለመጻፍ የሚነሳ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩን ካገኘበት ቦታ ገልብጦ ከዛሬው ፒቸር ቁጥር ጎን ያስቀምጠዋል፤ በዚያ ዓመት ሕጉ ምን ነበር፣ ቁጥሩንስ ማን ደመረው ብሎ አይጠይቅም። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ካልተመለሱ 59ም ሆነ 60 ምንም አይነግሩንም።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ መነሻ የሚሆን ያህል፦ ፒቸር ኳሱን ለመቺው የሚወረውር ተጫዋች ነው። መቺው ሞክሮ የሳተው፣ ወይም መምታት ሲገባው ያሳለፈው ኳስ ስትራይክ ነው፤ ከመምቻ ክልል ውጭ የመጣው ደግሞ ቦል ይባላል። በሦስት ስትራይክ መቺው ይወጣል (ስትራይክአውት)፤ በአራት ቦል ያለ ምት በነጻ ወደ አንደኛው ቤዝ (መቺው እየሮጠ ከሚያዳርሳቸው አራት ማዕዘኖች አንዱ) ያልፋል (ዎክ)። ሦስት ሰው የወጣበት ቡድን ተራውን ያስረክባል፤ ሁለቱም ቡድኖች አንድ አንድ ተራ ሲጨርሱ አንድ ኢኒንግ ይሆናል፤ ጨዋታው 9 ኢኒንግ ነው። ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ ሲመለስ የሚያስቆጥረው ነጥብ ራን ይባላል። ይህ የዛሬው ሕግ ነው። በ1884 ግን አራቱ ቦል ስድስት ነበር።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይወስኑ፦ ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ይተዉአቸው። እዚህም ያሉት ሁሉ እንደዚያው ናቸው። የቤዝቦል ወቅት በፀደያቸው ጀምሮ እስከ ጥቅምት ስለሚሄድ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀይሩት መስከረም ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ የ1884 ወቅት በ1876 ተጀምሮ በ1877 ያልቃል። አንባቢውም እርስዎም ትጠፋላችሁ።

ሰውየውን ይለዩ

በዘመኑ ጋዜጣ የጨዋታ ሰንጠረዥ ላይ የሚታተመው የቤተሰብ ስም ብቻ ነው። የመጀመሪያ ስም የለም፣ የማሊያ ቁጥርም የለም። ስለዚህ ከማንኛውም ድምር በፊት የሰውየውን የልደት ቀንና ቦታ፣ የተጫወተባቸውን ቡድኖች በዓመት በዓመቱ፣ ስሙ የተጻፈባቸውንም መልኮች በአንድ ገጽ ይያዙ። የራድቦርን እንዲህ ነው፦ ታኅሣሥ 11 ቀን 1854 በሮቸስተር ኒው ዮርክ ተወለደ፤ ያደገው በብሉሚንግተን ኢሊኖይ ነው፤ የካቲት 5 ቀን 1897 እዚያው ብሉሚንግተን አረፈ። (ወሮቹም የፈረንጆቹ ናቸው፤ ታኅሣሥ ስንል ዲሴምበር፣ የካቲት ስንል ፌብሩዋሪ ማለታችን ነው።) በ1880 ለቡፋሎ ለጥቂት ጨዋታ የሜዳ ተጫዋች ሆኖ ተሰለፈ። ከ1881 እስከ 1885 በፕሮቪደንስ፣ ከ1886 እስከ 1889 በቦስተን፣ በ1890 በተጫዋቾች ሊግ በነበረው ሌላው የቦስተን ቡድን፣ በ1891 ደግሞ በሲንሲናቲ ተጫውቷል።

ስሙ ራሱ ወጥመድ አለበት። በእንግሊዝኛ መጨረሻው ላይ «ኢ» የሚጨምሩ አሉ፣ የማይጨምሩም አሉ። በ1939 የገባበት የኩፐርስታውን የዝና አዳራሽ ሰሌዳ «ኢ» ጨምሮ ጽፎታል። በዲጂታል ጋዜጣ ሲፈልጉ በሁለቱም ይፈልጉ። ሦስተኛ ፍለጋም ያስፈልጋል፦ ኮምፒውተሩ አሮጌውን ኅትመት ሲያነብ ተጠጋግተው የታተሙትን «አር» እና «ኤን» አንድ ላይ «ኤም» አድርጎ ያነባቸዋል። በትክክለኛው ስም ፈልገው ያጡት ጨዋታ ብዙ ጊዜ በዚህ የተበላሸ ስም ሥር ተኝቶ ይገኛል። ጆርጅ ራድቦርን የተባለ ሌላ ፒቸርም በ1883 ለዲትሮይት ጥቂት ጨዋታ ወርውሯል። በዚያ ዓመት ሰንጠረዥ ላይ ስሙን ሲያዩ የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳለ ሳያረጋግጡ አይደምሩ።

የዓመቱን ሕግ ከቁጥሩ ጎን ያስቀምጡ

ከሥራው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ጊዜ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ለእያንዳንዱ የውድድር ዓመት አንድ መስመር ይክፈቱና ከጨዋታ ቁጥሮቹ በፊት አምስት ነገር ይሙሉ፦ የውርወራ ርቀት፣ የተፈቀደው የአወራወር ስልት፣ ለዎክ የሚያስፈልገው የቦል ብዛት፣ ለማስወጣት የሚያስፈልገው የስትራይክ ብዛት፣ የቅያሪ ሕግ።

ስለ ርቀቱ በብዛት የሚደጋገመው «በ1893 ከ50 ጫማ ወደ 60 ጫማ ከ6 ኢንች ተገፋ» የሚል ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ ጎን ለጎን ማስቀመጡ ግን ስህተት ነው፣ ምክንያቱም የሚለኩት ከተለያየ ቦታ ነው። የዛሬው ፒቸር አንድ እግሩን ጠፍጣፋ ጎማ ላይ አድርጎ ይወረውራል፤ 60 ጫማ ከ6 ኢንች (18.44 ሜትር) የሚለካው ከዚያ ጎማ ነው። በራድቦርን ጊዜ ጎማ የለም፤ መሬት ላይ የተሰመረ ሳጥን ነው ያለው። በ1884 ሳጥኑ 4 ጫማ ስፋትና 6 ጫማ ርዝመት ነበረው፤ 50 ጫማው (15.24 ሜትር) የሚለካው ከሳጥኑ የፊት መስመር ነው። ፒቸሩ ከኋላው መስመር ተንደርድሮ፣ ቢፈልግ ዘሎ፣ የፊት መስመሩ ጋ ሲደርስ ኳሱን ይለቃል። በ1887 የሳጥኑ ርዝመት 5 ጫማ ተኩል ሆነና ፒቸሩ የኋላ እግሩን በኋላው መስመር ላይ እንዲያቆም ተገደደ፤ መንደርደሩ ቀረ። ያኔ እግሩ ያለው 55 ጫማ ተኩል ላይ ነው። ስለዚህ በ1893 በተግባር የተጨመረው 5 ጫማ ነው። ከ1881 በፊት ደግሞ የፊት መስመሩ 45 ጫማ ላይ ነበር።

አምስት ጫማ ትንሽ አይደለም። ራድቦርን በብዛት በተጫወተበት በናሽናል ሊግ የመቺዎች አማካይ (ምቱ ለመምታት ለተሞከረው ሲካፈል) በ1892 ከነበረበት 0.245 በ1893 ወደ 0.280፣ በ1894 ደግሞ ወደ 0.309 ዘለለ። የ1893ን ድንበር የሚሻገር ፒቸር ሲያጋጥምዎ መዝገቡን እዚያ ላይ ይቁረጡት። ሳይ ያንግን ይውሰዱ፤ ከ1890 እስከ 1911 ባለው ጊዜ 511 ጨዋታ አሸንፏል። ከእነዚህ ውስጥ ከሳጥን የመጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 9፣ 27 እና 36 ናቸው፣ በድምሩ 72። ቀሪዎቹ 439 ከጎማ የተገኙ ናቸው። ያንግን ከዘመኑ ሰዎች የሚለየው ርቀቱ ሲጨምር አለመውደቁ ነው፤ 511 የሚለው ደረቅ ቁጥር ይህን አይናገርም።

የአወራወር ስልቱም እንዲሁ ደረጃ በደረጃ ነው የተፈታው። በመጀመሪያ እጅ ከወገብ በታች ሆኖ ነበር የሚወረወረው። በ1883 ናሽናል ሊግ እስከ ትከሻ ድረስ ፈቀደ፤ በ1884 ገደቡን ጨርሶ አነሳውና ከራስ በላይ መወርወር ተቻለ። አሜሪካን አሶሲዬሽን የተባለው ተፎካካሪ ሊግ ይህን የፈቀደው በ1885 ነው። በአንድ ዓመት የሁለት ሊግ ፒቸሮችን ስታወዳድሩ አንደኛው ክንዱ የታሰረ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የቦሉ ቁጥር በናሽናል ሊግ እንዲህ ይሄዳል፦ በ1879 ዘጠኝ፣ በ1880 ስምንት፣ ቀጥሎ ሰባት፣ በ1884 ስድስት፣ በ1886 እንደገና ሰባት፣ በ1887 አምስት፣ ከ1889 ጀምሮ አራት። እስከ 1886 ደግሞ መቺው «ከፍ ያለ» ወይም «ዝቅ ያለ» ብሎ ኳስ የማዘዝ መብት ነበረው፤ ፒቸሩ የመወርወሪያ ክልሉ ግማሽ ነበር ማለት ነው። ይህ መብት በ1887 ተነሳ፤ በምትኩ ለዚያ አንድ ዓመት ብቻ ስትራይክ አራት ሆነ። የአራቱ ስትራይክ ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ለማየት የባልቲሞሩን ማት ኪልሮይ ይመልከቱ፤ በ1886 513 ስትራይክአውት ነበረው፣ በ1887 217። ያው ሰው በ1887 46 ጨዋታ አሸንፏል፤ «ክንዱ ደከመ» ብሎ ለመደምደም ምክንያት የለም።

በዚያው በ1887 ዎክ እንደ ምት ይቆጠር ስለነበር የዘመኑ ጋዜጣ ላይ ያለው «ፒቸሩ የሰጠው ምት» ያበጠ ነው። ኋላ የተዘጋጁት መዝገቦች አውጥተውታል። የ1887ን ቁጥር ከጋዜጣ ከወሰዱ ዎኩን ራስዎ ይቀንሱ። ከሜዳ ጥሶ የወጣ ምት (ፋውል) እንደ ስትራይክ መቆጠር የጀመረው በናሽናል ሊግ በ1901፣ በአሜሪካን ሊግ በ1903 ነው፤ ከዚያ በፊት መቺው ያለ ቅጣት እየነካካ ፒቸሩን ሊያደክም ይችል ነበር። ሜዳውንም መርሳት አይገባም። በ1884 በቺካጎ ሌክ ፍሮንት ፓርክ የግራው አጥር 180 ጫማ ላይ ነበር። በ1883 በአጥሩ ላይ ያለፈ ኳስ ሁለት ቤዝ ብቻ ያሰጥ ነበር፤ በ1884 ሆምራን (መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ ራን የሚያስቆጥርበት ምት) ተባለና ኔድ ዊሊያምሰን 27 መታ፣ 25ቱ እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ፒቸር ሆምራን በዛበት ከማለትዎ በፊት የት እንደተመታበት ይቁጠሩ።

«ጀምሮ የጨረሰው» የሚለው ቁጥር

ራድቦርን በ1884 73 ጨዋታ ጀመረ፣ 73ቱንም ጨረሰ። ዛሬ አንድ ፒቸር በዓመት ጥቂት ቢጨርስ ዜና ስለሚሆን ይህ ቁጥር አንባቢን ያስደነግጣል። የጥንካሬ ምልክት መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ማብራሪያ የቅያሪ ሕጉ ነው። ነጻ ቅያሪ የመጣው በ1891 ነው። በራድቦርን ጊዜ ተጫዋች ካልታመመ ወይም ካልተጎዳ በስተቀር ከተቀማጭ ወንበር ሰው ማስገባት አይቻልም ነበር። አሰልጣኙ ፒቸር መቀየር ከፈለገ ያለው መንገድ አንድ ነው፦ ሜዳ ላይ ካሉት ዘጠኙ አንዱን ወደ ሳጥኑ አምጥቶ ፒቸሩን በእሱ ቦታ መላክ። ለዚህ ሲባል ሁለተኛው ፒቸር ብዙ ጊዜ በቀኝ ሜዳ ይቆም ነበር።

ይህ ሕግ የ1884ን ታሪክ ራሱን ሠርቶታል። ፕሮቪደንስ ሁለት ፒቸር ነበረው፣ ራድቦርንና ቻርሊ ስዊኒ። ስዊኒ ሰኔ (ጁን) 7 ቀን በቦስተን ላይ 19 ስትራይክአውት ያስመዘገበ ሰው ነው። ሐምሌ (ጁላይ) 16 አካባቢ ራድቦርን በጸባይና በአጨዋወት ተከሶ ታገደ። ጁላይ 22 ስዊኒ እየወረወረ ሳለ አሰልጣኙ ፍራንክ ባንክሮፍት ወደ ቀኝ ሜዳ ሂድና ሳይክሎን ሚለር ይወርውር አለው፤ እምቢ ብሎ ሜዳውን ጥሎ ወጣ። በምትኩ ሰው ማስገባት ስለማይቻል ቡድኑ በስምንት ሰው ጨርሶ ተሸነፈ። ስዊኒ ተባረረና ዩኒየን አሶሲዬሽን ወደተባለው አዲስ ሊግ፣ ወደ ሴንት ሉዊስ ሄደ። ራድቦርን እገዳው ተነስቶለት ቀሪውን ወቅት ከሞላ ጎደል ብቻውን ሊወረውር ተስማማ፤ በለውጡ ወቅቱ ሲያልቅ ቡድኑ ከያዘበት የማስቀረት መብት (ተጫዋቹን ወደ ሌላ ቡድን እንዳይሄድ የመያዝ መብት) ነጻ እንዲያወጣው ነው።

ከዚህ በኋላ ስላለው ጊዜ «ከዚህን ያህል ጨዋታ ይህን ያህሉን ወረወረ» የሚሉ ቁጥሮች በየቦታው ያገኛሉ፤ እርስ በርሳቸው አይገጥሙም። ምክንያቱ አንዱ ከጁላይ 22 ሲጀምር ሌላው ከማግስቱ፣ አንዱ ወቅቱ እስኪያልቅ ሲቆጥር ሌላው ዋንጫው እስኪታወቅ ስለሚቆጥር ነው። የሰው ቁጥር ከመቅዳት መነሻና መድረሻ ቀኑን ራስዎ ወስነው ቢቆጥሩ ይሻላል፤ ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው።

ስሌቱን በትክክል ይሥሩ

የራድቦርን 1884 ዋና ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ 75 ጨዋታ፣ 678 ኢኒንግ ከሁለት ሦስተኛ፣ 528 ምት የሰጠ፣ 216 ራን የተቆጠረበት፣ ከዚያ ውስጥ 104 ኧርንድ ራን (ያለ ሜዳ ስህተት የተቆጠረ፣ ፒቸሩ የሚጠየቅበት ራን)፣ 98 ዎክ፣ 441 ስትራይክአውት፣ 12 ሽንፈት።

መጀመሪያ ኢኒንጉ። በሰንጠረዥ ላይ 678.2 ተብሎ ያዩታል። ከነጥቡ በኋላ ያለው 2 ሁለት አስረኛ አይደለም፤ ሁለት ሦስተኛ ነው፤ በአንድ ተራ ሦስት ሰው ስለሚወጣ። ወደ ካልኩሌተር የሚገባው 678.67 ነው። በአንድ ዓመት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ይህን አጻጻፍ እንደ ተራ ቁጥር በኤክሴል ሲደምሩ ግን የሥራ ዘመኑ ድምር ይበላሻል።

ኢአርኤ በ9 ኢኒንግ ስንት ኧርንድ ራን እንደተቆጠረበት ነው፦ 104 ሲባዛ በ9፣ ለ678.67 ሲካፈል 1.38። አስደናቂ ቁጥር ነው። አሁን ግን ያንኑ ስሌት በሁሉም ራን ይድገሙት፦ 216 ሲባዛ በ9፣ ለ678.67 ሲካፈል 2.86። ከተቆጠሩበት ራኖች ከግማሽ በላይ፣ 112ቱ፣ «የሜዳ ተጫዋቾች ጥፋት» ተብለው ወጥተዋል። ብዙ ተጫዋቾች ገና በባዶ እጅ የሚይዙበት፣ ሜዳውም ጎርባጣ የሆነበት ዘመን ነበርና ስህተት የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ስለዚህ ለ1880ዎቹ ፒቸር ኢአርኤ ብቻውን አይጻፉ፤ ሁለቱንም ቁጥር ይስጡ። ራድቦርን በሁለቱም ጎበዝ ነው፤ 1.38ን ከዛሬው 1.38 ጋር ማስተካከል ግን ለእሱም ያደላል፣ ለዛሬውም ይበድላል።

ኢአርኤ ይፋዊ ስታትስቲክስ የሆነው በናሽናል ሊግ በ1912፣ በአሜሪካን ሊግ በ1913 ነው። በ1884 ማንም ራድቦርንን «1.38 አለው» አላለም። በዘመኑ ጋዜጣ ግርጌ ላይ «ኧርንድ ራን» የሚል መስመር አለ፤ አቆጣጠሩ ግን የተለየ ነው፤ በአንዳንዶቹ ዓመታት ዎክ ራሱ እንደ ፒቸሩ ስህተት ስለሚመዘገብ በዎክ የመጣ ራን ኧርንድ አይባልም ነበር። የጋዜጣውን ቁጥር ደምረው 104 ካልመጣልዎ አይደንግጡ፤ ሁለቱን አቆጣጠር ግን በአንድ ዓምድ አያቀላቅሉ።

የጫናው መጠን ከድል ብዛት የተሻለ ይናገራል። ፕሮቪደንስ በዚያ ዓመት 84 አሸንፎ፣ 28 ተሸንፎ፣ 2 አቻ ወጣ፤ 114 ጨዋታ ማለት ነው። በግምት 114 በ9 ቢባዛ 1,026 ኢኒንግ፤ ራድቦርን ከዚያ ሁለት ሦስተኛውን ወረወረ። ይህ ብዙ ነው፣ ግን ብቸኛ አይደለም፤ የሲንሲናቲው ዊል ዋይት በ1879 75 ጀምሮ 75 ጨርሶ 680 ኢኒንግ ወርውሯል፣ ያውም ቡድኖች ከ80 ጨዋታ ብዙ ባልዘለሉበት ዓመት። ቡድኑ ካደረገው ጨዋታ አንጻር የዋይት ድርሻ ይበልጣል።

59 ወይስ 60?

ጁላይ 28 ቀን 1884፣ ፕሮቪደንስ በፊላደልፊያ ላይ። ሳይክሎን ሚለር ጀመረና አምስት ኢኒንግ ወረወረ፤ ሲወጣ ፕሮቪደንስ 7 ለ 4 ይመራ ነበር። ራድቦርን ገብቶ አራት ኢኒንግ ያለ ራን ዘጋ፤ ጨዋታው 11 ለ 4 አለቀ። ዛሬ ቢሆን መልሱ አከራካሪ አይደለም፦ ጀማሪው አምስት ኢኒንግ ጨርሶ ቡድኑ እየመራ ከወጣና መሪነቱ ካልተነጠቀ ድሉ የእሱ ነው። ይህ ደንብ በመመሪያ የሰፈረው ግን በ1950 ነው። በ1884 ለፒቸር ድል መስጠት ራሱ ወጥ ሕግ አልነበረውም፤ የዕለቱ መዝጋቢ የተሻለ ወረወረ ያለውን ይመርጥ ነበር፤ ድሉንም ለራድቦርን ሰጠ።

የዛሬውን ደንብ ወደ ኋላ የሚተክሉ 59 ይላሉ፤ የዘመኑን መዝጋቢ የሚያከብሩ 60። የሥራ ዘመን ድሉም ተከትሎ 309 ወይም 310 ይሆናል። የእኛ ምክር የዘመኑን ውሳኔ ማክበር ነው፤ አንዷን ጨዋታ በ1950 ደንብ ዳኝቶ ሌሎቹን ሁሉ በ1884 ልማድ መተው ሚዛን የለውም። ግን ከሌሎች ፒቸሮች ጋር የሚያወዳድሩበት ምንጭ 59 የሚል ከሆነ፣ እስከ መጨረሻው በዚያ ምንጭ ይጽኑ። አንዱን ዓመት ከአንዱ፣ ድምሩን ከሌላው መውሰድ ነው ሰንጠረዡ እንዳይገጥም የሚያደርገው።

ጋዜጣውን ማንበብ

የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ጋዜጦችን በነጻ በኢንተርኔት ይሰጣል። አሜሪካ የሚኖሩ ከሆነ በሚኖሩበት ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ የሚከፈልባቸውን ማኅደሮችም ብዙ ጊዜ በነጻ ያስከፍታል፤ መጀመሪያ እሱን ይጠይቁ። የተጣሩ ድምሮችን ለማመሳከር ሬትሮሺትና ቤዝቦል ሪፈረንስ የተባሉ የቤዝቦል መዝገብ ድረ ገጾች አሉ።

በ1884 ሰንጠረዥ ላይ የተጫዋች ስም፣ የቦታው ምህጻር፣ ከዚያ ራን፣ ምት፣ ያስወጣው ሰው፣ ያገዘበትና ስህተቱ ይከተላሉ። የምቱ ዓምድ ራስጌ አንዳንዴ «1 ቢ» ይላል። ይህ አንድ ቤዝ ያስገኘ ምት ብቻ ማለት አይደለም፤ የምቶቹ ጠቅላላ ብዛት ነው። የፒቸሩ ኢኒንግ ብዙ ጊዜ አልተጻፈም፤ ጀምሮ ከጨረሰ ከጨዋታው ርዝመት ያወጡታል፣ ከተቀየረ ደግሞ ከላይ ያለውን ዘገባ ማንበብ ግድ ነው። ስትራይክአውትና ዎክ ከሰንጠረዡ በታች በደቃቅ ፊደል በተከታታይ ይታተማሉ፤ ወረቀቱ ሲታጠፍ የሚበላው ያ መስመር ነው። 3፣ 5 እና 8 ካምታቱዎት የዚያኑ ጨዋታ የሌላውን ከተማ ጋዜጣ ይፈልጉ። ሁለቱ ቡድኖች ሁለት ከተማ አላቸው፣ ዘገባውም ሁለት ነው።

ቀኑን ሲመዘግቡ ጋዜጣው የወጣበትን ሳይሆን ጨዋታው የተደረገበትን ይያዙ፤ የጁላይ 28 ጨዋታ የሚወጣው በ29 ነው፣ በሳምንታዊ ጋዜጣ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። አንድ ጨዋታ ሁለት ጊዜ የሚደመረው በዚህ ነው። ቡድኖች በሊግ ጨዋታ መሃል ባለ ዕረፍት ቀን ለገቢ ሲሉ ወዳጅነት ጨዋታ ያደርጉ ነበር፤ ጋዜጣው በተመሳሳይ ሰንጠረዥ ያትመዋል፣ መዝገብ ውስጥ ግን አይገባም። ቀላል ማጣሪያ አለ፦ ናሽናል ሊግ እስከ 1892 እሑድ አያጫውትም ነበር። የ1884 የፕሮቪደንስ ጨዋታ እሑድ ላይ ከዋለ የሊግ ጨዋታ አይደለም ወይም ቀኑን ተሳስተዋል።

የትኛው ሊግ?

በ1884 ብቻ ሦስት ከፍተኛ ሊጎች ነበሩ፦ ናሽናል ሊግ፣ አሜሪካን አሶሲዬሽንና ዩኒየን አሶሲዬሽን። የመጨረሻው የቆየው አንድ ዓመት ነው፤ የሴንት ሉዊሱ ቡድን 94 አሸንፎ 19 ብቻ የተሸነፈበት፣ አንዳንድ ቡድኖች መሃል ላይ የፈረሱበት ሊግ። ስዊኒ በዚያ ዓመት በፕሮቪደንስ 17፣ በሴንት ሉዊስ 24 አሸነፈ። «41 ድል» ብሎ በአንድ መስመር መጻፍ ይቻላል፤ የሚበጀው ግን ሁለት መስመር ነው። ከ1871 እስከ 1875 የነበረውን ናሽናል አሶሲዬሽን ደግሞ በ1969 የተሰበሰበው የመዝገብ ኮሚቴ ከከፍተኛ ሊግ አልቆጠረውም። የፑድ ጋልቪን ድል አንድ ቦታ 361፣ ሌላ ቦታ 365 የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ አራቱ ድል የ1875 ናቸው።

ክንዱ መቼ ደከመ?

የድል ብዛት ቡድንን ይከተላል፤ ክንድን ለማየት በ9 ኢኒንግ ያለውን ስትራይክአውት ያስሉ። ራድቦርን በ1883 በ632 ኢኒንግ ከአንድ ሦስተኛ 315 ነበረው፤ 4.48። በ1884 441፤ 5.85። በ1885 በ445 ኢኒንግ ከሁለት ሦስተኛ 154፤ 3.11። የ1884ቱ መዝለል ከራስ በላይ መወርወር ከተፈቀደበት ዓመት ጋር ይገጥማል፣ በመሆኑም ሁሉንም ለሰውየው መስጠት አይቻልም። የ1885ቱን መውደቅ ግን የሚያብራራ የሕግ ለውጥ በዚያ ልክ የለም፤ ያለፈው ዓመት ጫና ነው ማለት ያስኬዳል። ከ1885 እስከ 1891 ድሉ 28፣ 27፣ 24፣ 7፣ 20፣ 27፣ 11 እያለ ወጣ ገባ ይላል። የ1890ው 27 የተገኘው በአዲሱ የተጫዋቾች ሊግ መሆኑን ከጎኑ ይጻፉ።

መዝገቡ አልቆ ወደ ጽሑፍ ሲቀየር የ1884 መስመር እንዲህ ሊመስል ይችላል፦

«1884፣ ፕሮቪደንስ (ናሽናል ሊግ)። 50 ጫማ ከሳጥኑ ፊት መስመር፣ ከራስ በላይ መወርወር የተፈቀደበት የመጀመሪያ ዓመት፣ 6 ቦል፣ 3 ስትራይክ፣ መቺው ከፍታ ያዛል፣ ነጻ ቅያሪ የለም። 75 ጨዋታ፣ 73 ጀምሮ 73 ጨረሰ፣ 678⅔ ኢኒንግ፣ 60 ድል (የጁላይ 28ቱን ለሚለር ለሚሰጡ 59)፣ 12 ሽንፈት፣ 441 ስትራይክአውት፣ 98 ዎክ። በ9 ኢኒንግ 2.86 ራን፣ ከዚያ 1.38 ኧርንድ (በኋላ የተሰላ)። ከወቅቱ በኋላ በጥቅምት (ኦክቶበር) 23፣ 24 እና 25 ከኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታንስ ጋር የተደረጉትን ሦስቱንም ጨዋታ ወርውሮ አሸነፈ፤ እነዚህ ከላይ ባለው ድምር ውስጥ አልገቡም።»